የተሳሳተው ሰብሳቢው፣ የሚሮጠው ከፋዩ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሮጌው መንገድ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ዱከምን የሚያውቃት በሥጋ ቤቶቿ ነው። ቁርጡን አስቆርጦ፣ ጥብሱን አዝዞ፣ እጁን ታጥቦ መንገዱን ይቀጥላል። በሬው በማን ገንዘብ እንደተገዛ አይጠይቅም። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ትልቅ ማቀዝቀዣ የሉካንዳው ባለቤት ንብረት ይሁን የአበዳሪው ደግሞ ጨርሶ በሐሳቡ አይመጣም።

ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ግን እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ መንገድ ከተሞች ሁሉ ብዙ ነገሯ በወር በወር የሚከፈልበት ነው። አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ ወፍጮው፣ የብሎኬት ማሽኑ፣ የጋራዡ ኮምፕረሰር በጥሬ ገንዘብ ተቆጥሮ የሚገዛበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለዚህም መንገዶች ተከፍተዋል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች ባዘጋጀው የሊዝ ፋይናንስ ተከራዩ 20 በመቶውን ሲያዋጣ ባንኩ 80 በመቶውን ሸፍኖ ማሽን ያቀርባል። በየክልሉ የተቋቋሙት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያዎችም፣ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማቱም፣ የግል ባንኮቹም በየፊናቸው ያበድራሉ። ገንዘብ ማግኘቱ ከባድ ቢሆንም ስለ ማግኘቱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተብሏል። ያልተባለለት ከተፈረመ በኋላ ያለው ነገር ነው። ለመሆኑ አበዳሪው በትክክል የተከፈለውን ገንዘብ አልተከፈለም ብሎ ቢመዘግብ ምን ይሆናል?

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤትን በምሳሌነት እንውሰድ። ወፍጮውን በዱቤ ግዥ ውል ወስዷል፤ በወር 40,000 ብር ለ48 ወራት ሊከፍል ፈርሟል። በየወሩ ዱከም ካለው የባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ ለፋይናንስ ኩባንያው ሂሳብ ገቢ ያደርጋል። አንድ ወር ላይ ጸሐፊዋ የውሉን ቁጥር ስትጽፍ አንዲት አሃዝ ትስታለች። ገንዘቡ ኩባንያው ዘንድ ደርሷል፤ ነገር ግን የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ባለቤቱ ያልተለየ ገቢ በሚቀመጥበት ሂሳብ ውስጥ ተኝቷል። የባለ ወፍጮው መዝገብ ያን ወር ባዶ ነው።

እዚህ ላይ የሂሳቡን አካሄድ ልብ ማለት ይገባል። አበዳሪዎች በአብዛኛው የሚመጣውን ክፍያ የሚመዘግቡት ለቆየው ዕዳ አስቀድመው ነው። ስለዚህ ሰውየው በቀጣዩ ወር በቀኑ የከፈለው 40,000 ብር ያለፈውን ወር ይዘጋል፤ የያዝነው ወር ግን ክፍት ይሆናል። በሦስተኛው ወር የከፈለው ሁለተኛውን ይዘጋል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሰውየው በሕይወቱ አንድም ቀን ሳያረፍድ መዝገቡ ላይ ሁልጊዜ አንድ ወር ወደ ኋላ የቀረ ደንበኛ ሆኖ ይታያል። አንዲት አሃዝ የሳተች ጸሐፊ ስድስት ወር ሙሉ ስድስት የዘገየ ክፍያ ታስመዘግባለች ማለት ነው።

ቅጣቱም አይተኛም። ውሉ ለዘገየ ክፍያ በዓመት 20 በመቶ ያስከፍላል ብንል በ40,000 ብር ላይ በወር 667 ብር ገደማ፣ በስድስት ወር 4,000 ብር ይሆናል። በአገሩ የክፍያ አመዳደብ ወግ ደግሞ የሚመጣው ገንዘብ በቅድሚያ ወጪንና ወለድን፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን ዕዳ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ የሐሰቱ ቅጣት ከእውነተኛው ክፍያ ላይ ይቆረጣል፤ እውነተኛው ክፍያ ጎደሎ ይሆናል፤ ጎደሎውም በተራው ቅጣት ይወልዳል።

አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። «ኦቦ፣ ውዝፍ አለብዎት።» ሰውየው ደረሰኙን ይዞ ወደ ባንኩ ይሄዳል። ባንኩ «እኛ ገንዘቡን አስተላልፈናል፣ ኩባንያውን ይጠይቁ» ይላል። የኩባንያው ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አይቶ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ላይ የለም፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሂዱ» ይለዋል። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። ታክሲ ተሳፍሮ፣ ወፍጮውን ለልጁ ትቶ፣ አንድ ቀን ይውላል። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። «ማመልከቻ ይጻፉ።» ይጽፋል። «ይጣራል።» የሚጣራው መቼ እንደሆነ ማንም አይነግረውም፤ ቅጣቱ ግን እስኪጣራ ድረስ ለአንዲት ቀን እንኳ አይቆምም።

ይህ ምሳሌ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ንግግር ግን ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

የነገሩ ክብደት ከቅጣቱ አይቆምም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 103/1990 ስለ ዱቤ ግዥ የሚለው ነገር አለ፦ ተከራዩ በከፈለ ቁጥር ከዕቃው ባለቤትነት ላይ ተመጣጣኝ ድርሻ ወደ እርሱ ይተላለፋል፤ የመጨረሻውን ሲከፍል ደግሞ ዕቃው በቀጥታ የእርሱ ይሆናል። በዚህ አነጋገር እያንዳንዱ ክፍያ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከ48ቱ አንዱ ክፍያ የወፍጮው አንድ አርባ ስምንተኛ ነው። ሳይመዘገብ የቀረ ክፍያ ያልተጻፈ ባለቤትነት ነው። ሰውየው የራሱን ድንጋይና የራሱን ሞተር ቁራጭ ነው ሲፈልግ የሚንከራተተው።

በባንክ ብድር በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 አለ። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። አዋጁ የወጣው በምክንያት ነው፤ የባንክ ክስ በፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጅ ነበር፣ የተበደረውም በዚያ ተጠልሎ ይኖር ነበር። ይሁንና ፍርድ ቤቱ ከመሃል ሲወጣ ከእርሱ ጋር የወጣ አንድ ነገር አለ። ዳኛ ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያ ጥያቄው «ለመሆኑ ዕዳው ትክክል ነው?» የሚል ይሆን ነበር። አሁን ያን ጥያቄ የሚጠይቀው አበዳሪው ራሱ፣ የሚመልሰውም አበዳሪው ራሱ ነው። ባለዕዳው ፍርድ ቤት ሄዶ ሊከስ ይችላል፤ 30 ቀን ግን ጠበቃ ፈልጎ፣ የሂሳብ መግለጫ አስወጥቶ፣ አቤቱታ አጽፎ እግድ ለማግኘት ረጅም ጊዜ አይደለም።

ስህተት የትም አለ፤ ሰው ያለበት፣ ማሽን ያለበት ሁሉ ይሳሳታል። የሚያስተዛዝበው ስህተቱ በማን ላይ እንደወደቀ ታይቶ የሚሰጠው ፍጥነት ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አገሩ ሁሉ ያስታውሳል። በሲስተም ብልሽት ምክንያት ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሌሊት በኤቲኤም ደጅ ተሰለፉ። ባንኩ ቅዳሜ ጠዋት አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ የሚሆን ገንዘብ ጉዳዩ እንደሚነካው አስታወቁ፤ ገንዘቡ የማይመልስ በሕግ እንደሚጠየቅ ተነገረ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ አሳሰቡ፤ ያልመለሱ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ስም ይፋ ወጣ፤ ፎቶግራፋቸው ሳይቀር ተለጠፈ። ወሩ ሳያልቅ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተመልሷል።

ባንኩ ይህን በማድረጉ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ የእነርሱ ያልሆነውን የወሰዱ መመለስ ነበረባቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ይክሳል ይላል፤ አንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እነዚህ አንቀጾች ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው አሉ። የማይገባ ቅጣት ለተቆረጠበት ባለ ወፍጮም የተጻፉት እነዚሁ አንቀጾች ናቸው። ልዩነቱ ባንኩ አንቀጹን ሲጠቅስ ፖሊስ፣ ዩኒቨርሲቲና ሬዲዮ ይሰሙታል፤ ባለ ወፍጮው ሲጠቅስ «ማመልከቻ ይጻፉ» ይባላል።

ዋጋውም እኩል አይደለም። ከላይ በተያዘው ምሳሌ ደንበኛው 40,000 ብር ስድስት ወር ዘገየ ሲባል 4,000 ብር ተጠይቋል። አሁን ይገለበጥና ኩባንያው የደንበኛውን 40,000 ብር ስድስት ወር ያለአግባብ ይዞ ቆየ እንበል። ደንበኛው እስከ ፍርድ ቤት ቢገፋ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በስድስት ወር 1,800 ብር ይሆናል። ያም ከተፈረደለት፣ ጠበቃውንም ሳይቆጥር። ፍርድ ቤት ካልሄደ ደግሞ የሚያገኘው «ተስተካክሏል» የሚል አንድ ቃል ነው። በአንድ ውል ውስጥ የአንዱ ጊዜ 20 በመቶ ሲያወጣ የሌላው ጊዜ በነጻ የሚታደልበት ምክንያት በኢኮኖሚክስ ትምህርት ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ትምህርቱ የሚለው ተቃራኒውን ነው፦ ስህተቱን በርካሽ ማስቀረት የሚችለው ወገን ዋጋውን ይሸከም። የውል ቁጥር ሲገባ ከደንበኛው ስም ጋር የማይገጥም ከሆነ የማይቀበል ሲስተም መግዛት የሚችለው ኩባንያው እንጂ ባለ ወፍጮው አይደለም። ስህተቱ ለኩባንያው ምንም የማያስከፍለው ከሆነ ግን ሲስተሙን ለምን ብሎ ይገዛል?

የዚህ ነገር ሌላው ፊት ከአስፋልቱ ማዶ ይታያል። የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን በዱከም ከተከለ ወዲህ፣ ሁዋጂየን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካም በ2004 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከተማዋ ደመወዝተኛ ሆናለች። ደመወዝተኛው ከቁጠባና ብድር ማኅበርም ሆነ ከሌላ አበዳሪ ሲበደር ብዙውን ጊዜ ክፍያው ከደመወዙ ተቆርጦ እንዲተላለፍ ይፈርማል። በዚህ መንገድ በመሃል ሦስተኛ ሰው ይገባል። አሠሪው ቆርጦ ቢያዘገይ ወይም በስም ዝርዝሩ ላይ ቢሳሳት ሠራተኛው በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የከፈለ፣ በአበዳሪው መዝገብ ላይ ያልከፈለ ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ድርብ ቆረጣ ይህን መስመር በቀላሉ ያልፋል። ስንቱ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ይህን እያሰላ ይቆርጣል?

በስልክ የሚወሰደው ብድርም አለ። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረና በ2014 ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር የአነስተኛ ብድር አገልግሎት ከጨመረ ወዲህ፣ ሌሎቹም ተከትለው፣ ያለ መያዣ ብድር በጣት ጫፍ ይገኛል። መልካም ነገር ነው። በዚህ ዓይነቱ ብድር ግን ሰብሳቢው መጥቶ በር አያንኳኳም፤ ቀኑ ሲደርስ ማሽኑ ከሂሳቡ ያነሳል። ትክክል ሲሆን ሁሉንም ከእንግልት ያድናል። ሲሳሳት ደግሞ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት ገንዘቡ ሄዷል። በቆጣሪ ፊት ቆሞ «አልከፍልም፣ ከፍያለሁ» ለማለት የነበረው ዕድል እንኳ አይኖርም።

አበዳሪዎች በበኩላቸው የሚሉት አላቸው፤ የሚሉትም ባዶ አይደለም። «ከፍያለሁ» የሚል ሁሉ አልከፈለም። የውሸት የገንዘብ ማስተላለፊያ መልእክት አሠርቶ፣ የስልክ ፎቶ አስተካክሎ የሚመጣ ሞልቷል። «ቅሬታ አለኝ» ባለ ቁጥር ቅጣት የሚቆም ከሆነ ተበዳሪው ሁሉ ቅሬታ ይኖረዋል። እውነት ነው። ይህ ግን ማጣራቱ ፈጣን እንዲሆን የሚያስገድድ ክርክር እንጂ ማጣራቱን ደንበኛው እንዲሸከም የሚያደርግ አይደለም። ደረሰኝ ትክክል ይሁን ሐሰት በባንክ መዝገብ ለማመሳከር ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም፤ ማመሳከር የሚችለውም ተቋሙ ነው። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ቅጣቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰብበት፣ በወንጀልም ይጠየቅ። እውነተኛ ከሆነስ?

ሀብታሙ አገር ቢሆን ከዚህ ያመልጣል የሚል ካለ የአሜሪካኑን ዌልስ ፋርጎ ባንክ ይመልከት። ታኅሣሥ 2015 ላይ የአገሩ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ይህን ባንክ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለደንበኞች እንዲመልስና 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፍል አዝዞታል። ከጥፋቶቹ መካከል የመኪና ብድር ደንበኞች የከፈሉትን በተሳሳተ መንገድ መመዝገብ፣ የማይገባ ክፍያ መቁረጥና መኪናቸውን ያለአግባብ መንጠቅ ይገኙበታል። የተነኩት ሂሳቦች በጠቅላላው ከ16 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ያ ሁሉ ኮምፒዩተር ያለው ባንክ የከፈለን ሰው አልከፈለም ብሎ መኪናውን ከደጁ ሊወስድ ከቻለ ዱከም ላይ አይሆንም ማለት የዋህነት ነው። ልዩነቱ እዚያ ስህተቱን የሚቆጥርና የሚያስከፍል መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው።

እዚህም ቢሆን ምድረ በዳ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 መገባደጃ ላይ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፤ የፋይናንስ ተቋማት የደንበኛ ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። መመሪያ መኖሩን የሚያውቅ ደንበኛ ማግኘት ግን የሥጋ ቤት አስተናጋጅን በሰዓቱ ከማግኘት ይከብዳል። በቅርንጫፎች ግድግዳ ላይ ስለ ሎተሪና ስለ ቁጠባ ሽልማት የሚለጠፈው ወረቀት ብዙ ነው፤ «ሂሳብዎ ላይ ስህተት ካዩ ለማን ያመልክቱ» የሚል ወረቀትስ የት አለ?

ደንበኛው ራሱ ዝም የሚልበት ምክንያትም አለው። ብድር ብርቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ጣሪያ ካሰረ ወዲህ፣ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ አበዳሪ የሚመርጥ ተበዳሪ እንጂ ተበዳሪ የሚለምን አበዳሪ አልታየም ማለት አይቻልም፤ የታየው ተገላቢጦሹ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ባለ ወፍጮው ነገ ሁለተኛ ወፍጮ ይፈልጋል። ዛሬ በ4,000 ብር ከተጣላ ነገ ፋይሉ ከሥር ይገባ ይሆን ብሎ ይሰጋል። በዚያ ላይ የብድር መረጃ ቋቱ አለ፤ አንዱ አበዳሪ «ዘግይቷል» ብሎ የላከው ለሌላውም ይታያል። ስለዚህ ብዙው ሰው ያልበላውን ዕዳ ከፍሎ ይገላገላል። አበዳሪው ደግሞ «ደንበኛው አምኖ ከፍሏል» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

ሰውየው እጁ ላይ ያለው መሣሪያ ትንሽ ቢሆንም ይሠራል። የገቢ ደረሰኙን የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልቅ አለመጣል፤ በየሦስት ወሩ የሂሳብ መግለጫ መጠየቅና ከክፍያ ሰንጠረዡ ጋር ማስተያየት፤ ስህተት ሲታይ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ማመልከት፤ በቀሪው ቅጂ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቀን ሳያስመቱ አለመውጣት፤ መልስ ከዘገየ ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት። ከሁሉ በላይ ግን ተናዶ የያዝነውን ወር ክፍያ አለማቋረጥ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «የከፈልኩትን እስኪያምኑልኝ አልከፍልም» ያለ ሰው የአበዳሪውን የሐሰት ውዝፍ በእውነተኛ ውዝፍ ይለውጥለታል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛውም አይረዳውም።

አበዳሪው ላይ ሊጣል የሚገባው ግዴታ ከዚህ ይበልጥ አጭር ነው። ደንበኛው ደረሰኝ ካቀረበበት ቀን ጀምሮ እስኪጣራ ቅጣት አይቆጠር፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይውጣ፤ ወደ መረጃ ቋቱ «ዘግይቷል» የሚል ዜና አይተላለፍ፤ ተላልፎ ከሆነ አስተላላፊው ራሱ ያስፋቀው። ስህተቱ የሰብሳቢው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ገንዘቡ የሚመለሰው ደንበኛው ቢዘገይ ኖሮ በሚከፍለው በዚያው ወለድ ይሁን፤ ውሉ 20 በመቶ ካለ በ20 በመቶ። ስህተት በሁለቱም በኩል አንድ ዋጋ ይኑረው። ይህ በውሉ ውስጥ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ባያስገድድ እንኳ ደንበኛ የሚሻማ ኩባንያ በራሱ ቢጽፈው ከሬዲዮ ማስታወቂያ የተሻለ ገበያ ያመጣለታል።

የዱከሙ ቅርንጫፍ ኃላፊም እጁ አይታሰር። ማኅተም ያለበት የገቢ ደረሰኝ ፊቱ ከተቀመጠ ቢያንስ የአንድ ወር ክፍያ ያህል ላለው ክርክር ቅጣቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ የማቆም ሥልጣን ይሰጠው። ያን ሥልጣን ለመስጠት አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ የአንድ ገጽ የውስጥ ደብዳቤ ይበቃል። ያኔ ሰውየው ወፍጮውን ዘግቶ አዲስ አበባ የሚመላለስበት ቀን ይቀርለታል።